ቃጭሊትን የገደለው ጥርስ ሠሪ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም አልሰማሁም በልና ደግመህ ስማ! ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሰው ድድ በሰም የሚለካው፣ ጫማው ከጀሶ ተለይቶ የማያውቀው፣ ሚስት ያላገባ፣ ጠላት ያላፈራ፣ መንግሥት መገልበጥ ቀርቶ የገዛ ፍራሹን እንኳ እህቱን ሳያስፈቅድ የማይገለብጥ አንድ ጎልማሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ጠላት መሆኑ ታውጇል። ወንጀሉ ነፍስ ማጥፋት ነው። ሟቿ በዓለም ላይ ኖራ የማታውቅ ልጅ ናት። ምስክሮቹ አርባ ሺህ ናቸው፤ አንዳቸውም አላዩም። ይግባኝ አይባልም።

ተከሳሹን የሚያውቁት ሁሉ ሚሊሜትር ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ አንድ ጊዜ መስታወት ሊሰቅል ፈልጎ "እስቲ ቀጥ ማለቱን በዓይንህ ገምትልኝ" ቢለው፣ ሚሊሜትር "ዓይን ወሬኛ ነው" ብሎ ሄዶ ማስመሪያ ይዞ መጣ። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ክሊኒኮች የበሽተኛውን ድድ ቅርጽ በጀሶ ይልኩለታል፤ እሱ በሰም ያበጃል፣ ጥርሱን ይደረድራል፣ ይሞርዳል፣ ያስውባል። አንዳንዱ በሽተኛ ራሱ መጥቶ ይለካል። ያን ጊዜ ሚሊሜትር በላይኛውና በታችኛው ረድፍ መሃል ቀጭን ሰማያዊ ወረቀት አስገብቶ "ይግጠሙ" ይላል፤ ሰማያዊው የበዛበት ጥርስ ረዝሟል ማለት ነው፤ ይሞርዳል፤ እንደገና ወረቀት፣ እንደገና ሞረድ። በሽተኛው መንጋጋው ዝሎ "በቃ፣ ጥሩ ነው" ሲለው፣ "ለእርስዎ ጥሩ ነው፤ ለወረቀቱ ግን ገና ነው" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ይሾማል ወይ ይሰቀላል። እሱን ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለወንበሩም ለገመዱም ያሰበው አልነበረም።

የሚኖረው ከወርክሾፑ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች፣ ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ አሳደገችው። እሷም ሳታገባ ቀረች፤ "አንድ ወንድ አሳድጌአለሁ፣ ሁለተኛ አልጀምርም" ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነበረች። ልጆቹ የሚንቀጠቀጡላት ስለምትመታ አልነበረም፤ ስለማታምን ነው። "ሆዴን አመመኝ" ያለውን ልጅ ሆዱን እውነት እስኪያመው ድረስ ፀሐይ ላይ ታቆመዋለች፤ ከዚያ "አሁን ታመሃል፣ ሂድ" ትለዋለች። ወንድሟም ይህ ፍትሕ አልጎደለበትም። በልጅነቱ ብርጭቆ ሰብሮ "ድመቷ ናት" ቢላት፣ ድመት ስላልነበራቸው፣ ድመት እስኪመጣ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችው። ድመቷ አልመጣችም። ሚሊሜትርም ከዚያ ወዲህ አልዋሸም፤ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ፤ እግሩ ስለሚያስታውስ ነው።

ወደ ነፍስ ግድያው እንግባ።

ፀጉር አስተካካዩ ወሬ የሚያምርለት ሰው ነው። ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ የቀረ ደንበኛ፣ ተረቱ ስላላለቀ ብቻ ምሳው እስኪያልፈው ተቀምጦለታል። ይህ ሰው ከሆነ ቦታ አንድ ጨዋታ ለምዶ መጣ። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ይተርካል፤ ሦስቱ በተረቱ ውስጥ ያለ ሰው ሆነው ይናገራሉ። አንዱ "ዘልዬ አመልጣለሁ" ይላል፤ ማምለጡን የሚወስነው ግን አፉ ሳይሆን ዳይስ ነው፤ ያችው ልጆች ሉዶ የሚጫወቱባት ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር። ትልቅ ቁጥር ከወጣለት ያመልጣል፤ ትንሽ ከወጣበት ይብላኝለት። ጢም ያወጣ ሰው ይህን ሲያደርግ ማየት ያሳፍራል፤ በካሜራ ቀርጾ ለሕዝብ መልቀቅ ደግሞ ኀፍረትን በጅምላ ማከፋፈል ነው። ሕዝቡ ተሰልፎ ወሰደ።

የተከታታዩ ስም "የበረዶው ድልድይ" ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ተራኪ ሆነ። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው፣ ቀኑን ሙሉ "ፍሬን! ፍሬን!" እያለ ጉሮሮው የተላጠው፣ ሰካራም ወታደር ሆነ። ጥግ ላይ ያለችው ፋርማሲስት ቃጭሊት የምትባል፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ቃጭል የታሰረላት፣ ባዶ እግሯን በበረዶ ላይ የምትሄድ ወላጅ አልባ ልጅ ሆነች። ሚሊሜትርን የጠሩት ስለሚወዱት አልነበረም፤ እሁድ ጠዋት ጸጥ ያለ ክፍል ያለው እሱ ስለሆነ ነው። እሱን ድልድይ ጠባቂ አደረጉት። ብዙ የማይናገር ሰው ነው ተባለ፤ እፎይ አለ።

አሁን አንዲት ዕቃ ልብ በሉልኝ፤ መከራው ሁሉ ከእሷ ነው የወጣው። ዳይሱ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ማይክሮፎኑ ነጎድጓድ ያደርገዋል፤ ተንከባሎም መደርደሪያ ሥር ይገባል። ስለዚህ የሚጣለው ጀሶ በሚቦካበት ጥልቅ የጎማ ሳህን ውስጥ ነበር። ሳህኑ ጥልቅ ስለሆነ የወጣውን የሚያየው የጣለው ሰው ብቻ ነው፤ ካሜራውም ፊት እንጂ ሳህን አያይም። ሰውየው ይጥላል፣ አጎንብሶ ያያል፣ ቀና ብሎ ቁጥሩን ይናገራል፣ ይታመናል። ሕጉ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ሕግ ያላቸው አገሮችም ብዙ አይደሉም።

ቃጭሊት የሕዝብ ልጅ ሆነች። ሥዕሏን የሚሥሉ፣ በስሟ ግጥም የሚገጥሙ፣ ለውሻቸው ስሟን የሚያወጡ መጡ። ከሁሉም የባሰችው ግን የሚሊሜትር እህት ናት። መጀመሪያ "ትልልቅ ሰዎች ዕቃ ዕቃ!" ብላ ተሳለቀች። አንድ እሁድ ሻይ ልታቀብል ወርዳ የቃጭሊትን ድምፅ ሰማች፤ ትሪውን እንደያዘች ቀረች፤ ሻዩ በረደ። በሚቀጥለው ወር በአድናቂዎቹ ግሩፕ ውስጥ "የቃጭሊት አክስት" የሚል ስም አውጥታ ሥርዓት አስከባሪ ሆና ተሾመች። ለዚያች ባዶ እግሯን ለምትሄድ፣ እግርም ለሌላት ልጅ የሱፍ ካልሲ ሠራች። ወንድሟ በክረምት ሁለት ቦታ የተቀደደ ካልሲ ያደርግ ነበር።

ሚሊሜትር ግን ደስ አለው። እህቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "እሁድ እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀችው። ማታ ማታ ራት ላይ ስለ ድልድዩ ይጫወታሉ። "ማሙሽ፣ እንዳትለቃት አደራ" ትለዋለች፤ ፀጉሩ የሸበተውን ሰውዬ ማሙሽ የምትለው እሷ ብቻ ናት። "አለቅም፣ እትዬ" ይላል። ያ ሰው በዓለም ላይ የነበረው ሀብት ያ ራት ብቻ ነው፤ የሚያጣውም እሱን ነው።

የዚያን እሁድ ቃጭሊት ድልድዩ መሃል ስትደርስ በረዶው ከዳት።

"ያዝኳት" አለ ሚሊሜትር በድልድይ ጠባቂው ሻካራ ድምፅ። "እጇን ይዣለሁ።"

"በረዶው ይንቋቋል" አለ ፀጉር አስተካካዩ ዐይኑን አጥብቦ። "አራት ወይም ከዚያ በላይ ከወጣልህ ትስባታለህ። ጣል።"

ጣለ። አጎነበሰ። ሌላ ማንኛውም ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ አራት ያይ ነበር። ሚሊሜትር ግን እንደ ጥርስ አየው።

"ሁለት" አለ።

"እ?" አለች ፋርማሲስቷ፣ ቃጭሊትነቷን ረስታ።

"ሁለት ነው።"

"ደህና አድርገህ እይ እስቲ" አለ ፀጉር አስተካካዩ በልምምጥ፤ "ብርሃኑ እኮ ጥሩ አይደለም።"

ሚሊሜትር ጥርስ የሚመለከትበትን መብራት ስቦ አበራ፤ ሳህኑን ከውስጥ እንደ መንጋጋ አየው። "ሁለት" አለ። "ጥርት ያለ ሁለት።"

ምን ይደረግ! ካሜራው እየቀረጸ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ልጅቷን በረዶ ሥር አስገባት፤ ቃጭሏ ከውሃው ሥር እየራቀች ስትሰማ፣ እየራቀች፣ ከዚያ ስትጠፋ፣ እንዲህ አድርጎ ተረከው። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው አለቀሰ። ፋርማሲስቷ ተነሥታ ወጣች።

ካሜራው ሲጠፋ ፀጉር አስተካካዩ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ጤና አለህ?" አለው።

"ምን አደረግሁ?"

"ሁለት ትላለህ እንዴ?"

"ሁለት ነዋ የወጣው!"

"ሁለት መውጣቱን ማን ጠየቀህ?"

"አንተ" አለ ሚሊሜትር። ይህንንም ያለው በቅንነት ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ማክሰኞ ቪዲዮው ተለቀቀ። እህቱ ቀድማ መጠየቅ ሌሎቹን አድናቂዎች መስረቅ ነው ብላ እስከዚያ ድረስ አልጠየቀችም፤ እሱም ምን ብሎ ይጀምር? ብቻዋን በሯን ዘግታ አየች። ስትወጣ አላለቀሰችም። ለራሷ አንድ ሳህን አወጣች፤ ለራሷ ጨለፈች፤ በላች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ "ግድግዳዬ" አለች፤ "ለአንዳንድ ሰው ንገረው፤ በዚህ ቤት ሕፃን ከገደለ ጋር ማዕድ የሚቀርብ የለም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያናግረው ግድግዳው ሆነ። ሚሊሜትር ከዳቦ ቤት ዳቦ እየገዛ ወርክሾፑ ውስጥ፣ በጀሶ መንጋጋዎች መሃል ይበላ ጀመር። እነሱም አፋቸውን ከፍተው ያዩታል።

የሕዝቡን ለቅሶ ላሳያችሁ፤ ያላየው ቀረብኝ እንዳይል። አንዱ "ይህ እጅ ሳይሆን መቀስ ነው" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ድልድይ ጠባቂ ሳይሆን ሲኦል ደላላ!" አለ። አንዲት እናት፣ "ልጄ አልቅሳ አልቅሳ ዐይኗ አብጦ ዛሬ ትምህርት ቤት ቀረች፤ ተጠያቂው አንተ ነህ" አለች፤ ልጅቷን እስከ እኩለ ሌሊት ስክሪን ላይ ያስቀመጣት ማን እንደሆነ ግን አልገለጸችም። አንድ ጎልማሳ ደግሞ "አባቴ የሞተ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም" አለ፤ ሦስት ሺህ ሰው ወደደለት። አባትየው ዕድለኛ ናቸው፤ ይህን ሳያነቡ ሄደዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እዚህ ግን ዶሮዋ ራሷ አልሞተችም፣ የታነቀው ሌላ ሰው ነው።

የወርክሾፑ ፎቶ ተለጠፈ። መንገድ አላፊው ቆሞ በመስኮት ያይ ጀመር። አንድ ቀን ሙሉ ጥርስ ያዘዙ አንዲት ባልቴት መጡ። ሚሊሜትር ጥርሱን አግብቶ፣ ወረቀቱን አስገብቶ፣ "ይግጠሙ" አለ። ገጠሙ። ከዚያ ፊቱን ቀርበው አዩት።

"አንተ ነህ እንዴ?" አሉ በሞላ አፋቸው።

"እኔ ምን?"

"ያችን ሕፃን!" ጥርሱን መዳፋቸው ላይ ተፉት። "በአንተ ጥርስ ከምበላ በድዴ አላምጬ ብሞት ይሻለኛል!" ብለው ወጡ። ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ እስከ ዛሬ ሾርባ ነው የሚጠጡት።

የከፋው ገና ነበር። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው በቀጥታ ስርጭት የአድናቂ ጥያቄ ይመልስ ነበርና፣ አንዱ "ቃጭሊት እስከዚያ ድረስ ያን ሁሉ አደጋ እንዴት አመለጠች?" ቢለው፣ አፉ ፍሬን የለውም፣ "እኛማ እንጨምርላት ነበራ!" አለ። "አንድም ቢወጣ አምስት እንላለን። ልጅ አይደለችም እንዴ? ሳህኑን ማን ያያል!"

እዚህ ላይ ሕዝቡ ተታለልን ብሎ የሚቆጣ የመሰለው አንባቢ ካለ፣ ሕዝብ አያውቅም። "ፍቅር ማለት ይህ ነው!" አሉ። "የተቀደሰ ውሸት!" አሉ። ሦስቱ ዋሾዎች ቅዱሳን ሆኑ። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ወደ ሚሊሜትር ዞሩ፤ እስከዚያ ዕድለ ቢስ ነበር፣ አሁን ጨካኝ ሆነ። ሳህኑ ጥልቅ ነበር! ማንም አያየውም ነበር! አፉን ብቻ መክፈት ነበረበት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

በማግስቱ እህቱ ወደ ወርክሾፑ ወረደች። ግድግዳውን አላናገረችም።

"ማሙሽ።"

ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። "እትዬ!"

"ሳህኑ ውስጥ ያለውን ማንም አያይም ነበር?"

"አያይም።"

"ታዲያ አራት ማለት አቃተህ?"

"ሁለት ነበራ!"

"አራት! አንዲት ቃል! ምላስህ ይቆረጥ ነበር?"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ያሳደግሽኝ? ውሸት በዚህ ቤት አይበላም ያልሽኝ?"

"ሰውን አትዋሽ አልኩህ እንጂ ለሕፃን አትራራ አልኩህ?"

"እትዬ፣ ልጅቷ እኮ የለችም።"

"የለችም ትለኛለህ?" አለች እህቱ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። "ገድለሃት ነዋ የሌለችው!"

መልስ ያለው ይናገር። ሚሊሜትር ጎንበስ ብሎ ሞረዱን ከወለሉ አነሣ።

ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ እንዲህ መጦፉን ሲያይ ገበያ ሸተተው። አንድ ክፍል ጨመረ፦ ድልድይ ጠባቂው ወደ በረዶው ወንዝ ወርዶ ልጅቷን መልስልኝ ብሎ ይለምናል፤ አንድ ጊዜ ዳይስ ይጥላል፤ ስድስት ከወጣ ቃጭሊት ትነሣለች። ማስታወቂያው ሲወጣ ሕዝቡ አበደ።

"ስድስት ነው" አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ፀጉሩን እያበጠረለት፤ በነጻ ነው ያስተካከለው፤ ይህም ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። "ገባህ?"

"ከወጣ።"

"'ከወጣ' የሚባል ነገር የለም። ይወጣል።"

እህቱ ደግሞ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ቆማ፣ "ነገ እኔም እመጣለሁ" አለችው። "እሁድ ምሳ ሁለት ሳህን እንዳወጣ ወይም አንድ፣ አንተ ታውቃለህ።"

ሚሊሜትር ወሰነ። ሊዋሽ ወሰነ። ቅዳሜን ሙሉ ጥርስ እየሞረደ "ስድስት" ማለትን ተለማመደ፤ ለጀሶ መንጋጋዎቹ ስድስት አላቸው፣ ለመስታወቱ ስድስት አለው። መጀመሪያ ላይ ጆሮው ይቀላ ነበር፤ ወደ ማምሻው ላይ ሳይቀላ መናገር ቻለ። ከብዙ ዓመት በኋላ እግሩ ፈራ፤ አፉ ግን ተዘጋጀ።

እሁድ ሁሉም ተሰበሰቡ። እህቱ በሽተኞች በሚቀመጡበት ወንበር፣ ከካሜራው በስተኋላ ተቀመጠች፤ ያችን ካልሲ ይዛለች። ፀጉር አስተካካዩ ወንዙን ተረከ፣ ነፋሱን ተረከ፣ "ጣል" አለ።

ሚሊሜትር ዐይኑን ጨፍኖ ጣለ። አጎነበሰ። ሊዋሽ የተዘጋጀች አፉን እንደከፈተ ዐይኑን ገለጠ።

ስድስት።

እውነተኛ፣ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ሦስት በሦስት የቆመ ስድስት። ሌላ ሰው ቢሆን "ስድስት!" ብሎ ይጨርስ ነበር። እሱ ግን ነጥቦቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ፤ ካሜራው ሙሉውን ቀረጸው። እህቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ስ... ስድስት" አለ። ጆሮው ደም መሰለ።

ፋርማሲስቷ እልል ብላ ተነሣች። ፀጉር አስተካካዩ በተንኮል ፈገግ ብሎ ጠቀሰው። ያ ጥቅሻ ነው ያጠፋው። ሚሊሜትር ጥቅሻውን አይቶ "የለም!" አለ፤ "እውነቴን ነው! ስድስት ነው! ኑ እዩ!" ብሎ ሳህኑን ለማሳየት አነሣው። ጎማ ነው። ጎን ለጎን ተጨማደደ፤ ዳይሱ ከሳህኑ ጎን ወደ ታች ተንከባለለ። አንገታቸውን ሲያሰግጉ ያዩት አንድ ነው፤ መሃል ላይ የተቀመጠች አንዲት ጥቁር ነጥብ።

"አይዞህ" አለው የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። "የመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰው እንዲህ ይደናገጣል።"

"ተገልብጦ እኮ ነው!"

"አዎ፣ አዎ። ተገልብጦ ነው።"

ሕዝቡስ? ቃጭሊት ተመለሰችልን ብሎ ሻማ ያበራ መስሏችኋል። ለአንድ ቀን አበራ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጠቢብ፣ ሚሊሜትር ሳህኑን ሲያነሣ የሚታይበትን ቦታ ቆርጦ አዘግይቶ ለጠፈው። "እዩ ጆሮውን! እዩ እጁን!" ያን ጊዜ ነው መከፋት የጀመሩት። ለካ ሞቷን ወደውት ነበር። ሥዕሉ፣ ግጥሙ፣ የውሻው ስም፣ ሁሉም የቆመው በሬሳዋ ላይ ነው። "የምናለቅስለት ነገር ነበረን፣ እሱንም ቀማን" አሉ። "መጀመሪያ ገደላት፣ ቀጥሎ ሬሳዋ ላይ ቀለደ።" የትናንቱ የተቀደሰ ውሸት ዛሬ ነውር ሆነ፤ ቅዱስ የሚሆነው ለካ ሌላ ሰው ሲዋሸው ነው። ለአባቱ ያላለቀሰው ጎልማሳም ተመልሶ መጣ፤ "ሁለት ጊዜ ሐዘን ተቀመጥኩ" ብሎ ጻፈ። ፀጉር አስተካካዩ ለቻናሉ ሰላም ሲባል ጠረጴዛውን ወደ ፀጉር ቤቱ አዛወረ፤ ለድልድይ ጠባቂውም ሌላ ሰው ፈለገ። የጎማውን ሳህን ለባለቤቱ ተዉለት፤ ለጀሶ።

ይህ ሁሉ ሳይሆን፣ ያችኑ እሁድ፣ ሚሊሜትር ደረጃውን ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አገኘ። ድንቹ ይጨሳል። እህቱ ራሷ ወንበሩን ሳበችለት።

"ብላ፣ ማሙሽዬ። ከሳህ እኮ።"

"እትዬ..."

"ዝም በል፣ ብላ።" እጇን ራሱ ላይ አደረገች፤ ይህን ያደረገችው መቼ እንደነበር ሁለቱም አያስታውሱም። "አንተ ዕድሜህን ሙሉ ግትር ነህ፤ ከወረቀትህ ውጪ ማንንም አትሰማም። ዛሬ ለእኔ ብለህ ዋሸህ። ይህን አልረሳልህም።"

"አልዋሸሁም፣ እትዬ። ስድስት ነበር።"

እጇ ከራሱ ላይ ተነሣ።

"እውነት ስድስት ነበር?" አለች ቀስ ብላ።

"እውነት። በእናታችን።"

"እንግዲያው" አለች፣ ጭልፋውን እያስቀመጠች፤ "ለእኔ ብለህ ያደረግኸው ነገር የለም ማለት ነዋ። ወጣና ተናገርህ። ሁለት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁለት ትል ነበር።"

ልብ በሉ፤ ሊዋሽ እኮ ቆርጦ ነበር። ግን ያንን ማን ያምናል? ሊዋሽ አስቦ እውነት የወጣበት ሰው በየትኛውም ችሎት ዋጋ የለውም። ሳህኑን አየ። ድንቹን አየ። እህቱን አየ፤ ሕፃናትን በፀሐይ ላይ የምታቆመውን፣ ከእሱ በስተቀር ማንም የሌላትን፣ ካልሲውን ገና ጭኗ ላይ የያዘችውን።

"ሦስት ነበር" አለ። "ዋሸሁ።"

የተናገረው ሳይንተባተብ ነው። ጆሮውም አልቀላ። ከብርጭቆው ወዲህ በሕይወቱ የዋሸው ይህን ብቻ ነው፤ ውሸቱም ዋሽቻለሁ ማለቱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ውሸታም ስትለቅም የኖረችው ተቆጣጣሪ ፊቱን ትክ ብላ አየችው፤ ምን እንዳየች አልተናገረችም። ጭልፋውን አንሥታ ሳህኑን ሞላችለት።

ከዚያ፣ ደግነት አይለቅም፣ ያ የጆሮው ቪዲዮ በተለጠፈ ማግስት በግሩፑ ውስጥ "የቃጭሊት አክስት" በሚለው ስሟ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ወንድሜን አትንኩት። ሦስት ነበር የወጣው፤ ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው፤ ራሱ ነግሮኛል።" ልትከላከልለት ነው። አርባ ሺሁ ምስክር በመጨረሻ የእምነት ቃል አገኘ። በሳምንቱ ከክሊኒኮቹ አንዱ ጀሶ መላክ አቆመ፤ "በጠጠር የሚዋሽ በጥርስ አይዋሽም?" ብለው ነው አሉ። ሌላውም ተከተለ። ሚሊሜትር አሁንም ከደረጃው ሥር ይቀመጣል፤ የቀረችለትን አንዲት ክሊኒክ ሥራ ይሞርዳል፤ ቀትር ሲሆን ወጥቶ ከእህቱ ጋር ምሳ ይበላል። ደስተኛ ነው ብል ውሸት ነው፤ ሳህኑ ግን ሁለት ነው።

እርስዎ ይህን የሚያነቡት፣ ከጻፉት መካከል አልነበርኩም አይበሉ፤ ስምዎን ቀይረው ይሆናል እንጂ ነበሩ። አንድ ነገር ልለምንዎ። ያ ቪዲዮ አሁንም አለ። ይግቡና ከሥሩ፣ በእውነተኛ ስምዎ፣ "ስድስት ነበር" ብለው ይጻፉ። አላየሁም እንዳይሉ፤ ሦስት መሆኑንም አላዩም። ብቻ እህቱ እያንዳንዷን አስተያየት እንደምታነብ፣ ስድስት መሆኑን ያመነች ቀን ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ አንደኛው ሳህን እንደሚነሣ አይርሱ፤ ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት እባክዎ፣ እባክዎን...